የአራቱ ወንበሮች ጥልፍ

ሰመረ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ቆርጦ ነበር። እናቱ ሳይመርቁ ግን አይሆንም፤ እናቱ ወይዘሮ መድኃኒት ደግሞ «ቢሮ የምትውል ሴት ቤት አትይዝም» ብለዋል። «ከፋሲካ በኋላ መጥቼ አያታለሁ» ማለታቸውንም ሰማሁ። እኔ ጦቢያን እልህ ከያዘኝ አያድርስ ነው። ቆይ ይመጣሉ፣ ቤት አያያዝ ያያሉ አልኩ በልቤ።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ጨርቅ፣ ቀይና ወርቃማ ክር ገዛሁና ለአራቱ ወንበሮቼ ልብስ መጥለፍ ጀመርኩ። አሠራሩን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው። መጀመሪያ በቀዩ ክር ኤክስ ይሠራል፤ በኤክሱ ላይ በወርቃማው ክር አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ጎን ይጣላል። እያንዳንዷ ጥልፍ አበጥ ስትል አበባ ትመስላለች። ከቡልጋሪያ ሰፈር ካዛንቺስ ቢሮዬ ስመላለስ ታክሲ ውስጥ ሁሉ እጠልፋለሁ። አንድ ቀን ረዳቱ «እህት፣ በቃ ታክሲውንም አልብሺልን» አለኝና ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መርፌዬን ግን አላስቀመጥኩም።

ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰመረ ጋር መጡ። ወይዘሮ መድኃኒት ቀዝቀዝ አድርገው ሳሙኝ።

«ይቀመጡ እማማ።»

«ደህና ነኝ፣ አትቸገሪ።»

አንዱን ወንበር አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ አራቱንም ዞረው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ሰመረ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ ገረመሙት፤ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፣ እኔም አልገባኝም። ምሳ አቀረብኩ፤ ቆመው ጎረሱ። ሻይ ሰጠሁ፤ ቆመው ጠጡ። ሰባት ወር ዓይኔን ያፈሰስኩበት ወንበር ላይ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አረፍ አላሉም። ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ የጠሉት ወንበሩን ነው ወይስ እኔን?»

ሰመረን ሻዩ ትን አለው። ወይዘሮ መድኃኒት ደነገጡ።

«ኧረ በስመአብ! አንቺን ለምን እጠላለሁ? ግን ምኑ ላይ ልቀመጥ? ይሄ ሁሉ እኮ መስቀል ነው!»

ጥልፌን ለመጀመሪያ ጊዜ ራቅ ብዬ አየሁት። ወርቃማ መስቀል፣ ከጎኑ መስቀል፣ ከሥሩ መስቀል። የቂርቆስን ደጅ ሳልሳለም ቢሮ የማልገባው ሴት፣ ሰባት ወር ሙሉ ሰው የሚቀመጥበት መስቀል ስጠልፍ ከርሜያለሁ! ሰመረ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለና ሱሪውን ከኋላ አራገፈ። ቀድመው የሳቁት እናቱ ናቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ግማሹን ሳቅኩ፣ ግማሹን አለቀስኩ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጥልፉን ተሳለሙት፣ በግንባራቸውም በከንፈራቸውም። ቀጥለው ልብሱን ከወንበሩ አወለቁና ገለበጡት። ጀርባው ላይ አንድም ቋጠሮ የለም።

«ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል» አሉ ጀርባውን በጣታቸው እየዳበሱ። «እኔም በልጅነቴ ጠላፊ ነበርኩ።»

አፍሬ መቀስ አነሳሁ። «አሁኑኑ ልፍታው።»

«ተይ! እንዲህ ያለ ሥራ ይፈታል? ይልቅ መርፌ አምጪ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወርቃማውን ክር በመርፌ ሰክተው በመጀመሪያዋ መስቀል ላይ ሌላ ኤክስ ጣሉባት። መስቀሏ ከሥር ገባች፤ ቀዩ ተሸፈነ፤ ስምንት ጫፍ ያላት ወርቃማ ኮከብ ወጣች።

«ኮከብ ላይስ ይቀመጣሉ?» አልኳቸው።

«ኮከብ ምን አለበት!»

ጨርቁን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን እሳቸው ከአንዱ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ያዝን። ጥቂት እንደሄድን ዓይኔ አላስችል አለኝ። «እማማ፣ የላይኛው ክር ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድለው። እርስዎ አንዱን ወደ ግራ ጥለውታል።» ሰመረ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ዝም በይ ብሎ ጠቀሰኝ።

«ታዣለሽ ደግሞ!» አሉ። ያችን ክር ግን ፈትተው እንደገና ጣሏት።

ሁለት ሦስት ረድፍ ያህል ስንጨርስ ሰመረ ሰዓቱን አየ። «አደይ፣ እንሂድ እንጂ» አለ፤ እናቱን የሚጠራው እንዲህ ነው።

ከጥልፉ ቀና እንኳ አላሉም።

«አንተ ሂድ፣ ሽማግሌዎችህን ፈልግ» አሉት። «እኔ ከልጄ ጋር ሥራ አለብኝ።»

ደስታዬ ከልክ አልፎ መርፌውን ጣቴ ላይ ሰካሁት።