የቀጠነ ወተት

የወተት ፈታሿ የመስታወቱን መለኪያ አክስቷ ባመጣችው ወተት ውስጥ ስትለቀው ቀስ ብሎ ሰመጠ። ደህና ወተት ቢሆን ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር። አውጥታ ጠረገችውና ደገመችው። ያው ነው። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው መሆኑ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከተገኘ ደንቡ አያወላዳም፤ አክስቷ ውሃ ጨምራለች ተብላ ከወተት አቅራቢዎች ማኅበር ትሰረዛለች። ወተቷን የሚቀበላት ሌላ ደግሞ የለም።

ከኋላ ተራ የሚጠብቀው፣ ለቅጥነቱ ጭራሮ የሚሉት ሰውዬ አንገቱን አሰገገ።

«ላሚቱን ወንዝ ውስጥ አቁመው ነው እንዴ የሚያልቧት?»

«ወንዙ ቢኖርማ ምን ነበረበት» አለች አክስቷ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

ሰዉ ሳቀ። ፈታሿ አልሳቀችም። ዓይኗ የአክስቷን እጅ ይከተል ነበር። ያ እጅ ነው ያሳደጋት። ውሃውን የጨመረውም እሱ ይሆን? የጣሳውን ክዳን አነሳችና አሸተተችው፤ የውስጡንም እርጥበት በጣቷ ዳሰሰች። አክስቷ አየቻት።

«ነገ ማለዳ ነይና ራስሽ እለቢ፣ ልጄ። እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ ፈታሿ መለኪያዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የራሷን ጣሳ ይዛ ተራራውን ወጣች። በረቱ ደጃፍ ላይ የውሃ ባልዲ አየች፤ ቀርባ ብታየው ደረቅ ነው። ላሚቱን አለበች። ወተቱ እስኪበርድ ጠብቃ መለኪያውን ለቀቀችው። ሰመጠ።

ያን ጊዜ ነው ላሚቱን ልብ ብላ ያየቻት። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። ተከትላት ወደ ግጦሹ ወጣች። በልጅነቷ ጉልበቷ ድረስ ይመጣ የነበረው ለስላሳ ሣር የለም፤ በቦታው እንደ ሽቦ የጠነከረ ሣር እዚህም እዚያም ቆሟል። ድሮ ቆላ ብቻ የምታውቀው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሽቅብ ወጥቶ የተራራውን አናት ይዞታል።

«ጉሙ ከቀረ አራት ዓመቱ» አለች አክስቷ። «ሙቀቱ ጨምሯል። ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣና ባንዴ ወርዶ አፈሩን ጠርጎት ይሄዳል። ላሚቱ ምን በልታ ወተት ታወፍር?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ክዳን ነው ያሸተትሽው።»



ፈታሿ የወተት መረከቢያው ጣቢያ እንደደረሰች ያየችውን ሁሉ ለኃላፊው ነገረችው። ኃላፊው እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሃል ሲያሽከረክር ቆየ።

«አክስትሽ ናቸው አይደል?»

«ናት።»

«ያሳደጉሽም እሳቸው ናቸው።»

«አዎ።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልበል?»

ትናንት አክስቷን ያየችበት ዓይን ዛሬ በእሷ ላይ ተተክሏል። ልትናደድ ቃጣትና ተወችው። መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ነገ እርስዎ ይውጡ። ጣሳውንም ራስዎ ይያዙ። እኔ አልመጣም።»

«ማለብ መች እችላለሁ?»

«ጭራሮን ይዘውት ይሂዱ። እሱ ያልባል፤ እኛን ደግሞ ጨርሶ አያምንም።»

ኃላፊው መለኪያውን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አቅንቶ አየው፤ ስንጥቅ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«እሺ፣ እስከ ነገ ስማቸውን ከመዝገቡ አልሰርዝም» አለ በመጨረሻ። «ስንት ሰዓት ነው የሚታለበው?»