«ይቀመጡ» አትበሉኝ

«ኖር!» እያሉ ሲነሱልኝ ደሜ ይፈላል። ምን አደረግኳችሁ? ገና ስድሳ አልሞላኝም፤ ጉልበቴም ደህና ነው። ጥፋቴ ሽበቴን አለመቀባቴ ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ከጎንደር ተነስተን፣ በኮላ ድባ አድርገን ጣና ዳር ወዳለው መናፈሻ እንወርዳለን። ሠላሳ የምንሆን የስፖርት ማኅበርተኞች ነን። በጋ አንል፣ ክረምት አንል፣ ቀርተን አናውቅም። በበጋ ዛፍ ጥላ ሥር ገመድ እንዘላለን፤ በክረምት ጭቃውን እያቦካን እንሮጣለን። እንሮጣለን ስል እነሱ ነው የሚሮጡት! እኔ ልሩጥ ስል «ቀስ ይበሉ፣ እማማ ዓይናዲስ!» መረብ ኳስ ልጫወት ስል «አፈር ስሆን፣ ይቀመጡ!» አስተባባሪያችን ሙሉሰው የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ይከተለኛል። ሸጋ ልጅ ነው፤ አክብሮቱ ግን ሊገድለኝ ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ የጀልባ ውድድር ተባለ፤ ሦስት ጀልባ፣ በየጀልባው አራት ቀዛፊ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ታንኳ መቅዘፍ የቻልኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ሙሉሰውን «መዝግበኝ» ብለው ሳቀ።

«አንቱማ የክብር እንግዳችን ነዎት። መርቀው ያስጀምሩናል።»

እውነቴን ነው፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በውድድሩ ጠዋት ከሦስተኛዋ ጀልባ አንድ ቀዛፊ ቀረ። የጀልባዋ አለቃ እስከዳር የምትባል ወጣት ነርስ ናት። የሚተካ ሰው ፍለጋ ስትንከራተት ሄጄ ፊቷ ተገተርኩ። አልፋኝ ሄደች! ይባስ ብለው ወንበሬ ላይ አስቀመጡኝ።

«እንግዲህ ይመርቁን» አለ ሙሉሰው። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ቆመ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ሐይቁን ጸጥ ያድርግልን።»

«አሜን!»

«ክንዳችሁን ያበርታው።»

«አሜን!»

«በሦስተኛዋ ጀልባ የጎደለውን ቦታ ለዓይናዲስ ይስጥልን።»

«አሜን!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ ሙሉሰው ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

«ምን አሉ?» አለ ሙሉሰው ዓይኑን አፍጥጦ። «ኧረ እማማ፣ ይሄማ አይሆንም!»

የማኅበራችን ሰብሳቢ አያ በላቸው በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ። «ምነው ልጄ፣ አሜን ያልከውን ምርቃት ልትመልስ ነው? በል የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አልብሳቸው!»

ከማንም ቀድሜ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ። እስከዳር ከኋላዬ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ «አይዞዎት እማማ፣ ሲደክምዎት ይረፉ» ትለኝ ነበር። እኔ ጭራሽ አጠንክሬ ቀዘፍኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለተኛዋ ጀልባ ጎናችን ደረሰች። ሙሉሰው እዚያ ውስጥ ላቡ ጠብ እያለ ሲታገል አየሁት። ሳቄ መጣ። መቅዘፊያዬን አንስቼ ውሃ ረጨሁት፤ ይበለው!

ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ያስገለፍጥሻል? ቅዘፊ እንጂ! ልታስበይን ነው?»

እሰይ! ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ተቆጣኝ። ደስታዬ እንባ ሆኖ ዱብ ዱብ አለ።

«እሺ፣ እሺ!» አልኩና ጎንበስ ብዬ ቀዘፍኩ።