ታንኳኳ ይሆን?

«ከሞተ ገና ሦስት ቀኑ እኮ ነው፤ ፊልሙን ሊወስድ አሽትቶ መጣ» ብላ አክስት በልጅቷ ጆሮ አንሾካሾከች።

በሩ ላይ የቆሙት የሟች አባቷ ወዳጅ፣ ፎቶ አንሺው ነበሩ። ኮታቸው ሥር የሆነ ነገር ሸጉጠዋል። ልጅቷ አክስቷን አልሰማ ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ከአባቷ ጋር ጓዳ ገብተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ያንኑ አንድ ፊልም ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሰዓት ሠሪ አባቷ ማንም የማያውቃቸውን ድምፅ አልባ ፊልሞች ይሰበስብ ነበር። «ዝነኛውንማ ዓለም ያስታውሰዋል፤ ይህችን እኔ ካላየኋት ማን አላት?» ይል ነበር። ይህች የሚላት በዚያ ፊልም ውስጥ ሻንጣ ይዛ ደጅ የቆመች ሴት ናት። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ፊልሙ ይቋረጣል፤ የመጨረሻው ጥቅል ጠፍቷል።

«ታንኳኳለች» ይላል አባቷ።

«ኮራ ብላ ትመለሳለች እንጂ» ይላሉ ፎቶ አንሺው። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ይጨቃጨቃሉ። እናቷ በሕይወት ሳለች «እኔ ላንኳኳላትና ተገላገሉ» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ደጉ ጊዜ!

ቤቱ ጭር ሲል ፎቶ አንሺው አንድ ክብ ቆርቆሮ ልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጡ።

«የመጨረሻው ጥቅል ነው። ካገኘሁት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።»

ደሟ ፈላ። አባቷ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እንኳ «አንኳኩታ ይሆን?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት አስቻለዎት?»

«ካየው ያበቃለታል ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ምን ብዬ እመጣለሁ? ሌላ ሰው የለኝም እኮ። እኔም እንዳልፈተን አንዴም አልከፈትኩት።»

ክዳኑን ስታነሳው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ፊልም ሲሞት እንዲህ እንደሚሸት አባቷ አስተምሯታል። ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከእንግዲህ ማንም አያየውም።

ሽማግሌው ሽታው ሲደርሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ውጡልኝ ልትላቸው ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ ሆነባት፤ በማን ትፍረድ?

ቅዳሜ ለቀስተኛው ሁሉ ተበተነ፤ አክስትም ወደ ቤቷ ሄደች። ልጅቷ ጓዳውን ጋርዳ የፊልም ማሳያውን ስትወለውል ደጁ ላይ ኮቴ ሰማች። ኮቴው ቆመ። ብትጠብቅ ብትጠብቅ የሚያንኳኳ የለም። በመስኮት አጮለቀች። ፎቶ አንሺው እጃቸውን አንስተው በሩን ይመለከታሉ፤ ደግሞ ዝቅ ያደርጉታል፤ ደግሞ ያነሱታል።

አባቷ ናፈቃት። እንባዋን በመወልወያው ጨርቅ ጠረገች፤ ሄዳም ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው።