የሸህ ይመር ጆሮ

ከሚሪያ የድሮውን የቤተሰብ ፎቶ መስታወት ስትወለውል እጇ ከመካከል በተቀመጡት ሽማግሌ ፊት ላይ ቆመ። የግራ ጆሯቸው ጫፍ የለም። ወሎ ውስጥ ልጆች የሞቱባት እናት ቀጥሎ የሚወለደውን ሞት እንዳይመኘው ብላ ጆሮውን ታስቆርጥለታለች። የከሚሪያ ቅድመ አያት ሸህ ይመርም እንዲያ ነበሩ። ልጆቻቸውን ትተው ለሐጅ እንደወጡ ቀሩ፤ መርዶ ስላልመጣ እስከ ዛሬ አልተለቀሰላቸውም።

ፎቶው የአሠሪዋ የማዳም ሐቢባ ነው። መካ፣ መንሱር ሰፈር ተወልደው ያረጁት እመቤት ከሣጥን ያወጡት ዛሬ ልጃቸውን ሰሐርን ለማጨት ለሚመጡት እንግዶች ሊያሳዩት ነው። «አያቴ የመናዊ ነበሩ» ብለዋቸዋል።

ከሚሪያ ብትናገር የሐበሻ ዘር መሆናቸው ታውቆ ጋብቻው ይፈርሳል፤ እሷም ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካለቀ ዓመት አልፎታል፣ ከዚህ ቤት ከተባረረች መድረሻ የላትም። ዝም ብትል ደግሞ ደሴ ላይ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት አባቷ አለ። በደወለች ቁጥር «የአያቴን መቃብር አገኘሽው?» ይላታል።

«ሸህ ይመር…» አመለጣት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ማዳም ሐቢባ ከኋላዋ ቆመው ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህን ስም ከማን ሰማሽ?» አሉ በዐረብኛ።

«ከአባቴ። አያቱ ናቸው።»

ሐቢባ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። «ኸላስ! ይህ ነገር ዛሬ ከአፍሽ ከወጣ ልጄ ቆማ ቀረች።»

«ወላሂ አልናገርም፣ ማዳም። ዘመድ ነኝም አልልም። አባቴ ግን ሊሞት ነው። የት እንደተቀበሩ ብቻ ይንገሩኝ፤ አልቅሶላቸው ይሙት።»

የበሩ ደወል ጮኸ። ሁለቱም ክው አሉ።

«ማማ፣ መጡ!» አለች ሰሐር ከሳሎን።

ሐቢባ ፎቶውን ተቀበሏት። ወደ ሣጥኑ ይመልሱታል ብላ ስትጠብቅ፣ የተቆረጠውን ጆሮ በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት፤ መልሰው ገለጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ስልክሽን አምጪ።»

ከሚሪያ ለአባቷ ደወለች። ከወዲያ የአባቷ ሳል ተሰማ፤ ከወዲህ እንግዶቹ በበሩ አጠገብ እያለፉ ነበር። ሐቢባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከሚሪያ እዚህ ቤት በኖረችባቸው ሁለት ዓመታት ከእኚህ ሴት አፍ አንዲት የአማርኛ ቃል ወጥታ አታውቅም።

«እንዴት ከረማችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።