በአራተኛው ቀን የተሰጠ ፈተና

ራይሊ በፊንላንዱ የቱርኩ ወደብ ሃያ ሁለት ዓመት ክሬን ነድታለች። መጠጡ ሲብስባት በገዛ እግሯ ወደ ማገገሚያችን መጣች። እኔ ያኔ የክፍሉ ነርስ ነበርኩ።

በገባች በአራተኛው ቀን የማስታወስና የትኩረት ፈተና ተሰጣት። እጇ ገና ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ በዓይኗ ካልዞረ ሁለት ቀን ሆኗታል፤ መነጽሯ ቤቷ ቀርቷል። የሚያደነዝዘውን ማስታገሻ በዚያ ጠዋት የሰጠኋት ደግሞ ራሴ ነኝ።

በሳምንቱ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዮአኪም ውጤቱን ሲነግራት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

«ወደ ክሬኑ የሚመለሱ አይመስለኝም» አላት። «ለአሠሪዎ የምጽፈውም ይህንኑ ነው። ውጤቱን እንደተቀበሉ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ከፈተናው በፊት ሌሊቱን ተኝቼ እንደነበር ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ፊደሉ ይታየኝ እንደሆነስ?»

ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ስማ የኔ ልጅ፣ እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደብ የገባሁት። ሰዓት ይዞ ቁጥር ወደ ኋላ የሚያስቆጥረኝ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ በመድኃኒት ደንዝዤ ነበር። አልፈርምም።»

«መጠጥ አእምሮ ይጎዳል፣ ራይሊ።»

«መች አይጎዳም አልኩህ? ምን ያህል እንደጎዳኝ በደንብ ለካ ነው የምልህ።»

ዮአኪም ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደወሰደች ጠየቀኝ። መዝገቡን ገልጬ መጠኑን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ወረቀቱን አጠፈና ፈተናውን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው።

ሰባት ሳምንት አንድ ጠብታ አልቀመሰችም። እንቅልፏ ተመለሰ። መነጽሯን አድርጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተፈተነች።

«ትኩረትዎም ፍጥነትዎም እንደ ዕድሜ እኩዮችዎ ነው» አላት ዮአኪም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማስታወስዎ ግን ደክሟል። ካነበብኩልዎ አሥራ አምስት ቃላት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያስታወሱት አምስት ነው።»

«አምስት ብቻ?»

«አምስት።»

 ብዕሩን ከእጁ ወስዳ ፈረመች። «ይሄ ውጤት የኔ ነው» አለች።

ወደቡ ክሬኑን ወዲያው አልመለሰላትም፤ ስድስት ወር መሬት ላይ ዕቃ ስትመዘግብ ቆየች። እያንዳንዱን ትእዛዝ በማስታወሻ ትጽፋለች፤ የሚስቅባት ካለም ዓይኑን እያየች ትጽፋለች። በግንቦት አለቃዋ የክሬኑን ቁልፍ ሲሰጣት፣

«ቀስ በይ እሺ» ቢላት፣

«አንተ ከሥር ዞር በል» ብላው መሰላሉን መውጣት ጀመረች።