የኮምቢዋ አልጋ

በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ መግቢያ ላይ ገርጂ፣ ሰዲቅ ግቢ ውስጥ የቆመችው ነጭ ኮምቢ ከፊት ካሉት ሁለት ወንበሮች በስተቀር ባዶ ነበረች። ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላው በር ሁለት ሜትር ከሰባ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሁለት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ሜትር ከአርባ። ከርዝመቱ የመጨረሻው ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ከኋላ ከተቀመጠው ሞተር በላይ ያለው ከፍታ ነው። ሰዲቅ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶታል። ሥራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የአየር ሁኔታ መመዝገብ ነው፤ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የደመናውን ከፍታ፣ የዝናቡን መጠን። አንድ ጊዜ ብቻ የተነበበ ቁጥር ለእሱ ገና ቁጥር አይደለም።

በዚህ ባዶ ቦታ አልጋ መግባት ነበረበት። የእናቱ የወይዘሮ ዘሃራ ዳሌ ከሁለት ዓመት በፊት ተሰብሮ በብረት ተጠግኗል። ትንሽ ቁጭ ካሉ ሕመሙ ይነሣባቸዋል፤ በጀርባቸው ሲጋደሙ ይለቃቸዋል። ታላቅ እህታቸው ከድጃ ደግሞ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ታመው ተኝተዋል። በመጋቢት አንድ የአውቶቡስ ረዳት የእሳቸውን ቃል ይዞ መጣ፤ «ዘሃራን ሳላይ እንዳልሞት» ብለዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ከድጃ ቤት የሚያስገባው የአፈር መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆንና ይዘጋል። መቼ እንደሚዘጋ ሰዲቅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለመቸኮሉም ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ሆቴል ማደር አይታሰብም። «ማን እንደተኛበት በማላውቀው አልጋ ላይ አላድርም» ብለው ወይዘሮ ዘሃራ ነገሩን ዘግተውታል።

ኮምቢዋን የሸጠለት የውጭ አገር ሰው የክሩስኮቶው መሳቢያ ውስጥ አንድ መጽሔት ረስቶ ሄዷል። መጽሔቱ እንዲህ ያለችን ትንሽ መኪና እንዴት መኝታ ቤት ማድረግ እንደሚቻል በአራት ሥዕል ያሳያል። በአራቱም ላይ ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ይስቃሉ። በአንዱም ላይ አማት የለችም።

የመጀመሪያው ሥዕል አልጋውን ሞተሩ ላይ በአግድም ያስቀምጠዋል። ቦታ ስለማይበላ ሰዲቅ ወደደው። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ጣውላ ሲለብስ ግን ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት ይወርዳል። እናቱን በር አስደግፎ ለካቸው፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስድስት።

«ስምንት ሴንቲ ሜትር ጎደለ» አለ።

«እጥፍ ብዬ እተኛለኋ።»

«ዳሌሽ ካልታጠፈ በምንሽ ልትታጠፊ ነው እማዬ?»

«አንተ ደግሞ! ለከፈን ነው እንዴ የምትለካኝ? ልቀቀኝ በቃ፣ መቆሙም አድክሞኛል።»

ሁለተኛው ሥዕል ተመረጠ። አልጋው ከሞተሩ ከፍታ ተነሥቶ በቁመት ወደ ፊት ይመጣል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከአሥር። ከፊቱ ለእቃና ለእግር ሰማንያ አምስት ሴንቲ ሜትር ይተርፋል።

«እኔና እማማ ጎን ለጎን እንተኛለን» አለች ሚስቱ ፈትያ። «አንተስ?»

«ጋቢና። ወንበሮቹ ላይ ጣውላ አጋድማለሁ።»

«እሱ እኮ ከአንድ ሜትር ከአርባ አያልፍም። አንተ ደግሞ ቁመትህ አንድ ሜትር ከሰባ ሦስት ነው።»

«የኔ ዳሌ ይታጠፋል።»

ኮተቤ መንገድ ላይ የብየዳ ቤት ያለው ሐጎስ የአልጋውን ብረት ሠርቶ ገጠመ። ሰዲቅ ከላዩ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ አነጠፈበት። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

በዚያው ሳምንት የእናቱ ታላቅ ወንድም መጡ። አብዬ ኢሳ ሠላሳ ዓመት የአሰብን መስመር በከባድ መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ አሁን ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ኮምቢዋን አንዴ ዞሯት፤ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ይቺን ነው የጣርማ በርን ዳገት የምታወጣት?»

«ቀስ እያልኩ፣ አብዬ።»

«ቀስ እያልክ! እኔ ጎንህ ካልተቀመጥኩ ጣርማ በር ላይ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። አብሬ እመጣለሁ።»

ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አይሆንም ሊላቸው አልቻለም። «አላህ ያክብርልን ወንድምዓለም» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ፣ ፊታቸው በርቶ። ሰዲቅ ሜትሩን እጁ ላይ ጠቀለለ።

አንድ ሰው ሲጨመር ሁሉም ተናጋ። አብዬ ኢሳ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት የሰዲቅ ሚስት በተኛችበት አልጋ ላይ አይተኙም፤ ጋቢናው የእሳቸው ሆነ። ሰዲቅ ከመኪናው ወጣ። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ልተኛ ብሎ አሰበና ክብደቱን አስልቶ ተወው። በመጨረሻ ከኮምቢዋ ጎን የሚዘረጋ የሸራ ዳስ አሠራ፤ ሥሩ የሚታጠፍ አልጋ ይገባል። ዳሱን የሚይዙት መንጠቆዎች ቀዳዳ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ ስለተበሳ ሐጎስ እንደገና በሳ።

«ሦስተኛ መብሳቴ ነው» አለ ሐጎስ። «መኪናዋን ወንፊት አደረግናት እኮ ሰዲቅ። አምስተኛ ሰው ከመጣ ለሌላ በያጅ ውሰዳት።»

ቀጥላ ፈትያ መጣች። «አብዬ ኢሳ ከራስጌዬ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ሊያንኮራፉ ነው?» አለች። በጋቢናውና በአልጋው መሐል መጋረጃ ተሰቀለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቦት ገባ።

ሰዲቅ ያልተሞከረ ነገር ይዞ ረጅም መንገድ አይወጣም። አንድ እሑድ እናቱን አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ ፈትያን ከጎናቸው አስቀምጦ ከገርጂ ተነሣ። ወይዘሮ ዘሃራ ጣሪያውን እያዩ ፈገግ አሉ። «ከቤቴ አልጋ ይሻላል» አሉ። ቦሌ መድኃኔዓለም ሲደርሱ አብዬ ኢሳ ጋቢና ገቡ። ወደ ምሥራቅ ዞረው ጥቂት እንደሄዱ ሰዲቅ በመጋረጃው ክፍተት በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እናቱ ተነሥተው ቁጭ ብለዋል።

«ምነው እማዬ፣ አልተመቸሽም?»

«ተመችቶኛል። አብሽር፣ ንዳ።»

በሲኤምሲ አልፈው አያት ሜዳ ደርሰው ሲቆሙ ፊታቸው አመድ መስሏል። ለመውረድ ሁለት ሰው ደገፋቸው።

ሰዲቅ ጥፋቱን በፍራሹ ላይ አደረገ። በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ፍራሽ ለወጠውና በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሞከረ። እናቱ ከገርጂ እስከ መድኃኔዓለም ተኙ፤ ከዚያ በኋላ ተቀመጡ። ቀጥሎ የፍራሹን ውፍረት ሳይነካ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዞረ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ የቱ እንደረዳ አይታወቅም። እናቱ እስከ መድኃኔዓለም ተኙ፤ ከዚያ በኋላ ተቀመጡ። አየር አጥሯቸው ይሆናል ብሎ የጎኑን መስኮት የሚከፈት አደረገው። ውጤቱ ያው ነበር። ሰዲቅ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ መረመረና ከመድኃኔዓለም በኋላ ያለው አስፋልት የተቦረቦረ ነው ከሚል መደምደሚያ ደረሰ። ሞላዎቹን ሊለውጥ ከኮምቢዋ ሥር ተንጋሎ ሲገባ ፈትያ በላዩ ቆመች።

«አሁን ደግሞ ምን ልትፈታ ነው?»

«ሞላውን። እማዬ ከመድኃኔዓለም በኋላ መተኛት አልቻለችም።»

«ከመድኃኔዓለም በኋላ አይደለም፤ ከአብዬ ኢሳ በኋላ ነው።»

ሰዲቅ ከመኪናው ሥር ጭንቅላቱን አወጣ።

«ታላቅ ወንድማቸው ቁጭ ብለው እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ይተኙ?» አለች ፈትያ።

«መጋረጃ አለ እኮ!»

«መጋረጃው ለኔ ነው። ለእሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ወንድማቸው ተቀምጠዋል።»

«ታማሚ ናት እኮ ፈትያ!»

«ታዲያ? ታማሚ ታላቅ የለውም?»

«ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ወር ሙሉ ስፖንጅ ስለውጥ እያየሽ!»

«የምታውቅ መስሎኝ ነዋ። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? እኔማ ለአብዬ መላ እየፈለግህ፣ እግረ መንገድህን ፍራሽ የምታሳምር መስሎኝ።»

ወደ ቤት ገብቶ እናቱን ጠየቃቸው። «እኔ ምን አልኩህ?» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «አልጋው ደህና ነው አልኩህ። ደህና ነው።»

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ አብዬ ኢሳ ሱቅ ሄደ። በመጀመሪያ እናቱ እንዲተኙ እንዲያዟቸው ለመናቸው።

«ብያታለሁ። እሺ ብላኛለች።»

«ግን አልተኛችም።»

«ታዲያ በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት፣ ምን ላድርጋት?»

«እንግዲያው አፈር ስሆን አብዬ፣ እርስዎም ከኋላ ጋደም ይበሉ። እርስዎ ከተኙ እሷም ትተኛለች። አልጋው ለሁለት ይበቃል፤ ለክቼዋለሁ።»

አብዬ ኢሳ የያዙትን የፍሬን ሸራ ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «መኪና ላይ ተጋድሞ የሚሄደው ሬሳ ነው። ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጬ ኖሬ አሁን እንደ ሬሳ ጭነህ ወሎ ልታስገባኝ? ዘመዱ ሁሉ እያየ?»

«በአውቶቡስ ቢቀድሙንስ?»

«ታናሽ እህቴን ለአንተ ለደመና ቆጣሪ ትቼ? ሂድ፣ ሂድ ወዲያ!»

ሰዲቅ ወጣ። በምሥራቅ በኩል፣ ከየረር ጋራ በላይ፣ ደመናው ከባለፈው ሳምንት ይልቅ ዝቅ ብሎ ተከምሯል። ሊለካ የሚችለውን ሁሉ ለክቷል፤ የእናቱ ቁመት፣ የአጎቱ ትከሻ፣ የመንገዱ ዳገት ቁጥር አላቸው። የሚያበሳጨው ይህ ነበር። ቦታው ይበቃል፤ አልጋው ይበቃል፤ እናቱ ግን ወይ ተቀምጠው ይሠቃያሉ፣ ወይ እህታቸውን ሳያዩ ይቀራሉ። ከዚህ ወዲያ ቢቆይ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ምንም ሳይፈታ፣ ግንቦት ሳያልቅ ተነሡ።

ወይዘሮ ዘሃራ ከቦሌ እስከ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሄዱ። ፈትያ ትራስ ከጎናቸው ትደግፋለች፤ እሳቸው የአልጋውን ብረት ጨብጠዋል። ሰዲቅ በየመንደሩ እያቆመ በመኪናው ዙሪያ ሊያራምዳቸው ሞከረ፤ ከሸኖ በኋላ መውረዱን እንቢ አሉ። ከፊት አብዬ ኢሳ አላረፉም፤ «ሁለተኛ አግባ! ሞተሩ እየጮኸብህ አትሰማም? ሁለተኛ!» ሰዲቅ ጥርሱን ነክሶ ሁለተኛ ያስገባል።

ከደብረ ብርሃን ጥቂት አለፍ ብለው ለዙሁር ሶላት ቆሙ። አብዬ ኢሳ ለእህታቸው የውዱእ ውሃ በጆግ ይዘው ወደ ኋላ ዞሩና የጎኑን በር ከፈቱ። ወይዘሮ ዘሃራ የአልጋውን ብረት ለቀው ለመቀበል ሲዘረጉ ሚዛናቸውን ስተው ጆጉን መቱት፤ ገሚሱ ውሃ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። «ውይ፣ ይቅር በሉኝ ወንድምዓለም» አሉ። ከግንባራቸው ላይ ላብ ይወርዳል፤ ውጭው ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። አብዬ ኢሳ ጆጉን እንደያዙ ቆመው አዩአቸው። ከዚያ ራሳቸው በቀስታ ውሃ እያፈሰሱ አስታጠቧቸው። ሶላቱን ወይዘሮ ዘሃራ ተቀምጠው፣ አብዬ ኢሳ ሣሩ ላይ ሰገዱ።

ሰዲቅ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አብዬ ኢሳ ጋቢና አልገቡም።

«ወገቤን ያዘኝ» አሉ።

«ምን ሆኑ አብዬ?»

«ያዘኝ አልኩህ! ሰው ወገቡን አይይዘውም? ትንሽ ጋደም ልበል።»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ፈትያ ወርዳ ጋቢና ገብታለች። አብዬ ኢሳ እያጉረመረሙ ወደ ኋላ ወጡ፣ በግራ በኩል ተጋደሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሊያደርጉ አሉና ቶሎ አንሥተው ከራሳቸው ሥር አስገቡት።

«ሬሳ ከመሰልኩ ንገሪኝ ዘሃራ።»

«ኧረ ወንድምዓለም፣ ሬሳ እንዲህ አይቆጣም።»

ወይዘሮ ዘሃራ የወንድማቸውን ትራስ አስተካከሉ። የራሳቸውን ከእሱ ትንሽ ወደ ታች አወረዱ። ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ተኙ።

ሰዲቅ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን መሪውን ጨብጦ ያሰበው ስለ ሁለቱ ፍራሾች፣ ስለ ዞረው ራስጌ፣ ስለተከፈተው መስኮትና ስላለቀው አንድ ወር ነበር። በመስታወቱ አየ፤ እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣርማ በር ላይ ከመጋረጃው ጀርባ «ሁለተኛ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፈትያ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እሱ አልሳቀም፤ ሁለተኛ አስገባ።

ሸዋ ሮቢት አደሩ፤ አብዬ ኢሳ ጋቢና፣ ሴቶቹ አልጋው ላይ፣ ሰዲቅ ዳሱ ሥር። በማግስቱ አብዬ ኢሳ ማንም ሳይጠይቃቸው ወገባቸው እንዳልተሻላቸው ተናግረው ወደ ኋላ ወጡ። የአፈሩ መንገድ ገና ደረቅ ነበር። ከድጃ ቤት ሲደርሱ ኮምቢዋ የግቢውን አጥር ማለፍ ስላልቻለች ውጭ ቆመች። ከውስጥ የከድጃ ድምፅ ተሰማ፤ ደክሟል፣ ግን የዘሃራን ስም ይጠራል። ፈትያ ለመደገፍ እጇን ዘረጋች፤ ወይዘሮ ዘሃራ በእጃቸው ገለል አደረጓትና ብቻቸውን ወደ ቤቱ ሄዱ።

እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሰዲቅ ውጭ ቀርቶ ሜትሩን ከእቃ ሳጥኑ አወጣ። ከኮምቢዋ በር እስከ ከድጃ ደጃፍ ለካ፤ ተመልሶም ለካ። ወይዘሮ ዘሃራ ማንም ሳይደግፋቸው የሄዱት ሠላሳ ስድስት ሜትር ከአርባ ነበር።