የድቡ ሁለተኛ ዓይን

አክስት ማለት እንግዲህ የታወቀ ነው፤ ሳይጠሯት ትደርሳለች፣ ሳይነግሯት ታስተካክላለች። ይህችኛዋም ከዚያው ወገን ናት። ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ የምትውል፣ እጇ ሥራ ሲፈታ የሚያማት ሴት ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ወንድሟ ቤት የመጣችው ግን ተጠርታ ነው። የወንድሟ ሚስት ባሏን ከሆስፒታል ልታመጣ ስትወጣ፣ ልጃቸውን ድንቡሼን የሚያይላት ሰው ፈልጋ ነበር።

ሚስትየዋ በሩ ላይ ኮቷን እየለበሰች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዓይኑ እንደማይመለስ ለድንቡሼ አልነገርናትም። ራሴ እነግራታለሁ ብሏል። ሌላው ሁሉ አላስፈራውም እኮ። ሥራውም፣ ሕመሙም። የሚያስፈራው እሷ ናት። አይታኝ ብትሸሸኝስ እያለ እንቅልፍ የለውም።»

«ሂጂ፣ በእኔ ጣይው» አለች አክስት።

ወንድሟ ብረት በያጅ ነው። መነጽሩን ላብ አስቸግሮት ለአንድ አፍታ ገፋ ሲያደርገው፣ ያቺን አፍታ ጠብቃ የመጣች የብረት ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን መታችው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ አልሆነም። ለአክስት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ያሳደጋት እሱ ነው።

ውጪ በረዶ ይወርዳል። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መንገዱንም የቆሙትን መኪኖችም አንድ ያደርጋል። ብርሃኑ ከላይ ይሁን ከታች የሚመጣው አይታወቅም። ቤቱ ሁሉ ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ድንቡሼ ተኝታለች። አክስት በእግር ጣቷ እየሄደች ሳሎን ገባች፤ እንዲህ ባለ ጠዋት ኮቴ ማሰማትም ነውር መሰላት።

የመስኮቱ ደፍ ላይ እንስሳት ተደርድረዋል። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ሆዱ ብቻ ነጭ ቀርቶ ፔንግዊን ሆኗል። ያለቀ የሶፍት ካርቶን ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሁለት ጆሮ አውጥቶ ጉጉት ሆኗል። የወተት ካርቶኑ ቀበሮ ነው፤ ጭራው ጓደኛዋ የጠፋባት ካልሲ ናት። ከሁሉም መጨረሻ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ጥጥ ለብሶ ነጭ ድብ ሆኖ ተቀምጧል። ከመስታወቱ ማዶ በረዶው ሲወርድ፣ እነሱ ናቸው ቀስ እያሉ ወደ ላይ የሚወጡት የሚመስለው። አክስት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እዚያው ፈዝዛ ቀረች። ልጅ ሳለች ወንድሟ ከቆርቆሮ የሠራላት መኪና ትዝ አላት።

ከዚያ ልብ አለች። ሁሉም አንድ ዓይና ናቸው።

ጉድ ፈላ አለች በሆዷ። ልጅቷ ነገሩን ከየት ሰማችው? ደግሞስ ሰምታ እንዲህ ይደረጋል? ያ ምስኪን ገና በሩን ሲከፍት አንድ ዓይና ተሰልፎ ሊቀበለው ነው? ከመንገድ የሚመልሰው ሌላ ምን ነገር አለ!

አጠገባቸው የቁልፍ ቆርቆሮ አለ፤ የልብስ ቁልፍ ማለት ነው። ከደንበኞች ሸሚዝና ኮት ወድቆ ባለቤት ያጣውን ሁሉ እሷው ናት ከላውንደሪ እያመጣች የምትሰጣቸው። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ለጫማዋ ሶል የገዛችው ማጣበቂያ፣ ሱፐር ግሉ፣ አለ። ሌላ ምን ይፈለጋል። ተቀመጠችና እየመረጠች፣ እያስተያየች ለእያንዳንዱ ዓይን ለጠፈችለት። ስትጨርስ ሁሉም በሁለት ዓይናቸው አፈጠጡባት። ደስ አላት። እንደውም ትንሽ አንጎራጎረች።

ድንቡሼ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ብርድ ልብሷን እየጎተተች መጣች። መስኮቱን አየች። አልጮኸችም። ማልቀስ ጀምራ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ማነው ያደረገላቸው?»

«እኔ ነኛ። እንዴት ናቸው?»

ልጅቷ ፔንግዊኑን አንስታ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረችው። ከዚያ ጉጉቱን። ከዚያ ቀበሮውን።

«የአባዬ ነበር» አለች። «አንዱን ዓይን የሠራው ሰው ነው የሚያደርገው። ሁለተኛውን የሚወደው ሰው። ሁልጊዜ እኔ እሠራለሁ፣ አባዬ ሁለተኛውን ያደርጋል። ከዚያ ወደ እኔ ያዞረዋል። እኔ ‹አየኸኝ?› እለዋለሁ። አባዬ በእንስሳው ድምፅ ‹አየሁሽ› ይላል። ያኔ ነው ነፍስ የሚዘራው።»

አክስት ይህን ሁሉ ጊዜ ቁልፍ ስታመጣ የምታየው አልቀው የተቀመጡትን ነው። እንዴት እንደሚያልቁ ጠይቃ አታውቅም።

«እየጠበቁት ነበር» አለች ድንቡሼ። «እኛን ሳይጨርስ የትም አይቀርም ብለው። አሁን ግን አንቺን አዩ።»

«እጄን በቆረጠው» አለች አክስት። የምሯን ነው። ተንበርክካ የጉጉቱን ዓይን በጥፍሯ ልትነቅል ሞከረች፤ ካርቶኑ ተቀደደ እንጂ ዓይኑ ንቅንቅ አላለም። የፔንግዊኑም፣ የቀበሮውም እንደዚያው። ምን ዓይነት ማጣበቂያ ነው እናንተ! ጫማዋ ላይ ሳምንት ሳይቆይ ይላቀቃል፣ እዚህ ድንጋይ ሆነ። ድቡን ግን ስትነካው ቁልፉ ከነጥጡ ተነስቶ እጇ ላይ ቀረ። ግሉው የያዘው ካርቶኑን ሳይሆን ጥጡን ነበር።

«ድቡ ተርፏል» አለች።

ድንቡሼ ድቡን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ወዲያው ታች የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። በረዶው አፍኖት ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል ነበር።

አባትየው ገባ። ግራ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ደህነኛው ጎኑ ብቻ እንዲታይ መሆኑ ነው። ሚስቱ ከኋላው ኮቱ ላይ ያለውን በረዶ እያራገፈች ቆየች። ልጅቷ ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ገባች። አክስት ልጅቷን እንዳትገፋት፣ እንዳትይዛት፣ እጇን የምታደርግበት አጣች።

«ድንቡሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ደህና ነሽ?»

ልጅቷ ፋሻውን አየች። ከዚያ ከቀሚሱ ኋላ ወጣችና ድቡን ዘረጋችለት።

«ይሄ እየጠበቀህ ነው። ሌሎቹ አክስቴን አይተዋል።»

ወንድሟ አክስትን አያት፤ አክስት ጣሪያውን አየች። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከእህቱ ተቀበለ፣ የልጅቷን ማጣበቂያ አስነካውና እጁን ወደ ድቡ ሰደደ። እጁ አየር ላይ አለፈ። ድቡ እሱ ካሰበው ቦታ አልነበረም። ያ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ የሚበይድ እጅ! እንደገና ሞከረ፤ አሁን በሌላው እጁ የድቡን ጆሮ ያዘና በዳበሳ ወረደ። ቁልፉ የድቡ ጉንጭ ላይ አረፈ።

«ወርዷል አይደል?» አለ።

ድንቡሼ ራሷን ዘንበል አድርጋ መረመረችው። «ጥሩ ነው። በዚህ እግሩን ያያል፣ በረዶ ላይ እንዳይወድቅ። በል አዙረው። አየኸኝ?»

አባትየው ድቡን ወደ እሷ አዞረው። «አየሁሽ» አለ በድብ ድምፅ።

ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። ቆርቆሮውን በርብራ አንድ ትልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ መረጠች። ፕላስተር ቆረጠች። እናቷ «ቀስ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ድንቡሼ ቁልፉን ፋሻው ላይ፣ ቦታው ላይ፣ ሳትጫን አሳርፋ ለጠፈችው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች።

«አየኸኝ?»

አባቷ ፊቱን ከጎን መለሰና ሙሉውን ወደ እሷ አዞረው። በምን ድምፅ እንደሚመልስ ትንሽ ግራ ገባው። ኋላ በራሱ ድምፅ መለሰላት።

«አየሁሽ» አላት።